የሐይቁ አውሬ የኋላ ግራ እግር

ይህን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት በምን ላይ ተመሥርቼ እንደምጽፍ መግለጽ ይገባኛል። በእጄ ያለው ምስጥ ዳሩን የበላው አንድ ደብተር ነው፤ ከእርሱም የሚነበበው ሃያ ገጽ ያህል ብቻ ነው። ነገሩ ካለፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ከአቦምሳ የተላከልኝ አንድ ደብዳቤም አለ። ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ የተሠራች፣ ጫፏ እንደ ገብስ ቅንጣት የተጠፈጠፈች መሣሪያ በመሳቢያዬ ውስጥ ትገኛለች፤ እርሷ ግን አትናገርም። የቀረው ሁሉ ትዝታ ነው።

ትዝታዬን ደግሞ እንደ ታማኝ ምስክር ለመቁጠር አልደፍርም። ባለፈው ዓመት ከእጅ ጥበብ መምህርነት ጡረታ ስወጣ፣ ተማሪዎቼ ባዘጋጁልኝ የስንብት ግብዣ ላይ ስለ ሙያ አባቴ እንድናገር ተጠይቄ፣ «ጢማቸው በሂና የቀላ ነበር» አልሁ። ቤቴ ገብቼ ደብተሩን ብገልጥ በገዛ እጄ እንዲህ ተጽፎ አገኘሁ፤ «ጢማቸው ነጭ ነው። ሂና አይቀቡም። ለምን ቢሏቸው፣ የምሠራው በእጄ እንጂ በጢሜ አይደለም ይላሉ።» የመምህሩን ጢም ቀለም ያልያዘ ሰው ሌላውን ሁሉ በትክክል ይዟል ብሎ ማመን ያስቸግራል። ስለዚህ እርግጠኛ ባልሆንሁበት ቦታ ይህንኑ እናገራለሁ፤ አንባቢም እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

የሙያ አባቴ አው ዩሱፍ ይባሉ ነበር። «አው» በሐረር ለታላቅ ሰው የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። አንጥረኝነትን ከአባታቸው ተምረው፣ የባቡሩን ሐዲድ ተከትለው ወደ አዳማ የመጡ ሰው ነበሩ። አዳማ ያን ጊዜ ገና ናዝሬት አልተባለችም፤ ጣቢያው፣ ጥቂት የግሪክና የዓረብ ሱቆች፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና አቧራ ነበር። ዘመኑ ጠላት አገራችንን ከመውረሩ በፊት ያሉት ጥቂት ዓመታት ናቸው፤ ዓመቱን ለይቼ ለመጻፍ ግን ማስረጃ የለኝም።

እኔ ከሰሜን ሸዋ የመጣሁ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነበርሁ። ቅኔ ቆጥሬአለሁ፤ ብራና መፋቅና በመጻሕፍት ራስጌ ላይ ሐረግ መሳልም ተምሬአለሁ። አዳማ የወረድሁት በጣቢያው ዕቃ ቤት የጽሕፈት ሥራ አለ ስለ ተባልሁ ነው፤ ስደርስ ቦታው ለሌላ ተሰጥቶ ጠበቀኝ። ወደ አገሬ መመለስ ስላፈርሁ በአው ዩሱፍ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ መጻፍ ጀመርሁ። ጉዳይ ያለው ሰው በጠፋ ጊዜ በወረቀቱ ጠርዝ ሐረግ እስላለሁ፤ ከሐረጉ ጫፍም የወፍ ምንቃር ወይም የእባብ ራስ አወጣለሁ። አንድ ቀን አው ዩሱፍ በትከሻዬ ላይ አጎንብሰው ተመለከቱ።

«ደብተራ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደለም። እንዲያው የእጅ ጨዋታ ነው።»

«በዓለም ላይ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ግባ» አሉኝ።

ይህ ንግግር በደብተሩ የለም። ብዙ ጊዜ ስለ ተረክሁት ከአፌ ሳይለሰልስ አልቀረም። ደብተራ እንዳልነበርሁ ደጋግሜ ነግሬአቸዋለሁ፤ ሆኖም እስከ መጨረሻው በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

«በዓለም ላይ አለ?» ማለታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። አው ዩሱፍ ነፍስ ያለውን ፍጥረት መልክ አይሠሩም። ፈረስ ወይም ርግብ ሥሩልን የሚሉትን በትሕትና ይመልሳሉ። እጃቸው ግን መልክ ከማውጣት አያርፍም ነበር፤ ስለዚህ ፈጣሪ ያልፈጠረውን ብቻ ይሠሩ ነበር። የበግ ቀንድ ያበቀለ ዓዞ፣ ክንፉ የኮባ ቅጠል የሆነ ጅብ፣ እንዲህ ያሉትን ለበቅሎ ዕቃ ጌጥ፣ ለቀለም ቢልቃጥ መክደኛ፣ ለሽቱ ዕቃ እጀታ ያደርጓቸዋል። የሃይማኖታቸው ሊቃውንት በዚህ ይስማሙ እንደ ሆነ አላውቅም፤ የራሳቸው የግል ጥንቃቄ ነበር። ለጥንቃቄያቸውም ምልክት ነበራቸው፤ በእያንዳንዱ አውሬ የኋላ ግራ እግር ላይ አንድ ጣት ያጎድላሉ። ሦስቱ እግሮች አራት አራት ጣት ካላቸው ያኛው ሦስት ይሆናል።

«እንዲህ ያለ ፍጥረት የለም። ብጠየቅ ጣቱን አሳያለሁ» ይሉ ነበር።

«ማን ይጠይቅዎታል?» ብላቸው ጣታቸውን ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ ቀሰሩ።

ስለ ደመወዜ የማስታውሰው መጠነኛ መሆኑንና አንድ ቀንም አለመዘግየቱን ብቻ ነው። ሥራውን ግን እንደ ዛሬ አየዋለሁ፤ ወይም የማየው ይመስለኛል። አውሬው በመጀመሪያ ከንብ ሰም ይቀረጻል። ከዚያ በጭቃ ይለበጣል፤ ጭቃው በእሳት ሲጋገር ሰሙ በተተወለት ቀዳዳ ቀልጦ ይወጣል፤ ባዶ በቀረው ቦታም የቀለጠ ናስ ይፈስሳል። ናሱን የምናገኘው ከተተኮሰ ቀለሃ ነበር። ጭቃው ሲሰበር፣ ሰም የነበረው ናስ ሆኖ ይገኛል። የወጣው ሰም ግን ወደ ቀድሞ መልኩ አይመለስም። ስለዚህ ለአንድ አውሬ ያለው ዕድል አንድ ብቻ ነው።

መሣሪያዎቻችን በኩራዝ ነበልባል የሚግሉ ነበሩ፤ ወስፌ፣ የተጠፈጠፈ ምስማር፣ የጃንጥላ ሽቦ፣ እጀታቸው ሁሉ ወይራ። ቅርፊት ለማውጣት ሽቦው በነበልባሉ ጫፍ ላይ ትንሽ ከቆየ በኋላ ወደ ከንፈር ይጠጋል፤ አይነካም። ከንፈር ላይ የሚሰማው ወላፈን መጠኑን ይናገራል። ሽቦው ከልክ በላይ ከጋለ ሰሙ ያለቅሳል፤ ከቀዘቀዘ ይቦጫጨራል። ልክ ሲሆን ግን ጫፉ ሰሙን ነክቶ፣ ገፋ አድርጎ ሲነሣ፣ ሰሙ እንደ ሕፃን ጥፍር ብድግ ብሎ ይረጋል። ቅርፊት ሁልጊዜ ከጅራት ተጀምሮ ወደ አንገት ይሠራል፤ ያለዚያ የፊተኛው በኋለኛው ላይ አይደረብም። ዓይን ደግሞ አይቀረጽም፤ ከጋለው ወስፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ ወድቃ ስትረጋ ዓይን ትሆናለች። አው ዩሱፍ ዓይን ሲጥሉ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ እኔም ከጎናቸው እይዝ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሳል ስለ ነበረብኝ ዓይን እንድጥል አልተፈቀደልኝም።

ንጹሕ ሰም ብቻውን ይሰነጠቃል። ስለዚህ የበግ ሞራ ይገባበታል፤ የሞራውም መጠን እንደ ወራቱ ሙቀት ይለያያል። አው ዩሱፍ ይህን የሚለኩት በጥርሳቸው ነበር። ቅንጣት ሰም በፊት ጥርሳቸው ይነክሳሉ፤ ከተሰነጠቀ ሞራው አንሷል፤ ከጥርስ ላይ ከተጣበቀ በዝቷል። እኔንም ያስተማሩኝ በዚሁ መንገድ ነው። ጥፋቴ የመጣው ከዚህ ልማድ ስለ ሆነ አንባቢ እንዲያስታውሰው አደራ እላለሁ።

በሦስተኛው ዓመቴ ይመስለኛል፣ በጥር ወር፣ ጫልቱ የምትባል ሴት ወደ ሱቃችን መጣች። ከባሏ ጋር በአቦምሳ እህል የምትነግድ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት ነበረች።

«አባቴ አዳሚ ቱሉ ነው ያለው» አለች። «ዓይኑ ከጠፋ ቆየ። አሁን ደግሞ ሰውነቱ እየደከመ ነው። በልጅነቱ ከሐይቁ ስትወጣ ያያት አውሬ አለች። መልኳን ሥሩልኝና በእጁ ይዳስሳት።»

ደብተሬን ስቤ የነገረችንን ጻፍሁ፤ ገጹ ዛሬም ይነበባል። አንገቷ የሰጎን፣ ጀርባዋ ባለ ቅርፊት፣ በራሷ ላይ ጉትያ ያላት፣ በእያንዳንዱ እግሯ አምስት ጣት።

«ሰዉ ሁሉ ጉማሬ ነው ያየኸው ይለዋል» ብላ ቀጠለች። «ስሙን እንኳ ትተው አባ ሮቢ ነው የሚሉት፤ የጉማሬ አባት። ከልጅነቱ እስከ ሽምግልናው ሳቁበት። እሱ ግን ዱካዋን ጭቃው ላይ ቆጥሯል። ጉማሬ አራት ጣት ነው ያለው። የሷ በአራቱም እግር አምስት አምስት ነበር።»

አው ዩሱፍ መሣሪያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ አባትሽ በእውነት አይቷታል?»

«አይቻለሁ ይላል።»

«አንቺስ ታምኚዋለሽ?»

ጫልቱ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «እኔ ልጁ ነኝ» አለች።

የዚያን ዕለት መልስ አልሰጧትም። ጭንቀታቸው ምን እንደ ሆነ ገብቶኛል። አውሬዋ በእርግጥ ከነበረች ፈጣሪ የፈጠራት ናት፤ ሊሠሯት አይችሉም። ካልነበረች መሥራት ይችላሉ፤ ነገር ግን ሽማግሌውን አላምንህም ማለታቸው ነው። በሌላ አውሬ ላይ ማንንም የማትጎዳው የጎደለች ጣት በዚህችኛዋ ላይ የአንድን ሰው የዕድሜ ልክ ማስረጃ ታፈርሳለች። አራት ጣት የጉማሬ ነውና። በማግሥቱ ጫልቱን «እሠራለሁ» አሏት። ስለ ጣቱ አንዳች አልተናገሩም።

የሰሙ ምስል ሲያልቅ ሽማግሌው ዳስሰው እንዲያርሙት ወደ አዳሚ ቱሉ ይዘነው ሄድን። ሙቀት እንዳያፈስሰው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን በጋን ውስጥ አደረግነው፤ በቅሎዎቻችንን የምንነዳው በማለዳ ብቻ ነበር፤ ፀሐይ ስትከር ከግራር ሥር እንቀመጣለን። አው ዩሱፍ በየማረፊያው ጋኑን ከፍተው እጃቸውን በአውሬዋ ጀርባ ላይ ያሳርፋሉ፤ የታመመ ሰው ትኩሳት የሚለኩ ይመስሉ ነበር።

የጫልቱ አባት ኦቦ ገመዳ ከጎጇቸው በር ላይ ቁርበት ተነጥፎላቸው ተቀምጠው አገኘናቸው። አጥንታቸው የሰፋ፣ ሥጋቸው ያለቀ ሰው ነበሩ። አውሬዋን በጭናቸው ላይ ስናኖርላቸው በሁለት እጃቸው አቀፏት።

«ነይ እስቲ። የት ጠፍተሽ ነው?» አሏት። ከዚያም ጣቶቻቸው መሄድ ጀመሩ። «አንገቷ ወፍሯል። ላም ናት እንዴ? ጉትያዋም ወደ ፊት ነው የሚያዘነብለው፤ ይሄ ተኝቷል።»

የሚሉትን ሁሉ እጽፍ ነበር። በዚህ መካከል ኦቦ ዱሌቻ የሚባሉ ጎረቤት በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«አባ ሮቢ! ጉማሬህ ከአዳማ በበቅሎ መጣችልህ?»

«አንተ ዝም በል!» አሉ ኦቦ ገመዳ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ጉማሬ አይተህ ዛፍ ላይ ወጥተህ፣ ሚስትህ ናት ያወረደችህ።»

ከዚያ እግሮቿን መቁጠር ጀመሩ። «ሸን» አሉ በኦሮምኛ፤ አምስት ማለት ነው። ሁለተኛውን ይዘው «ሸን»፤ ሦስተኛውን ይዘው «ሸን»። የኋላ ግራ እግሯ ላይ ሲደርሱ ጣቶቻቸው ተመላልሰው ቆጠሩ። «አፉር» አሉ ቀስ ብለው። አራት። እጃቸውን ከአውሬዋ ላይ አነሡና ወደ አው ዩሱፍ ድምፅ አቅጣጫ ዞሩ።

«አንተም ጉማሬ ነው የምትለኝ?»

አው ዩሱፍ አውሬዋን ከጭናቸው ላይ አነሡ። «ሰሙ ገና ነው፣ ኦቦ ገመዳ። በናሱ እንገናኝ» አሉ። በመንገድ ስንመለስ እስከ መቂ ድረስ ጋኑን አልከፈቱም።

አዳማ ስንደርስ ጾም ገባ። በዚያ ዓመት ሑዳዴና ረመዳን ተገናኝተው ነበር። አንገቱን፣ ጉትያውንና እግሮቹን በአዲስ ሰም መሥራት ነበረብን፤ አዲስ ሰም ደግሞ በጥርስ መለካት አለበት። አው ዩሱፍ ቀኑን ሙሉ አፋቸውን ስለ ዘጉ ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። «የኔ አፍ አሁን የኔ አይደለም። ያንተን አምናለሁ» አሉኝ።

እኔም ጾመኛ ነበርሁ። ሞራ የገባበትን ሰም በሑዳዴ በጥርሴ መንከስ ከበደኝ። መብላት እንዳልሆነ፣ እንደማልውጠውም አውቃለሁ፤ ሆኖም ኅሊናዬ እሺ አላለኝም። ይህን ለመምህሬ መንገር ሲገባኝ አፈርሁ። እርሳቸው ለጾማቸው ሲሉ ሥራውን ሰጥተውኝ እኔ ለጾሜ ብዬ ብመልሰው እንደ ስንፍና የሚቆጠርብኝ መሰለኝ። ስለዚህ በሞራው ፈንታ የኑግ ዘይት ጨመርሁበት። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ጾሜን ከፈታሁ ወዲያ፣ በጥርሴ ነክሼ ለካሁት። አልተሰነጠቀም፤ አልተጣበቀምም። «ልክ ነው?» ሲሉኝ «ልክ ነው» አልሁ። ለጥርስ ልክ ነበር።

ቀልጦ የፈሰሰው ናስ ከበረደ በኋላ አው ዩሱፍ ጭቃውን በመዶሻ እጀታ ቀስ እያሉ አፈረሱት። መጀመሪያ ጅራቷ ታየ፤ ከዚያ ጀርባዋ፣ ቅርፊቱ እስከ መጨረሻዋ ጫፍ ጥርት ብሎ። ደስታዬን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ የቆየው ግን ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው። አንገቷ አጋማሹ ላይ እንደ ቀለጠ ጧፍ ተጣሞ ነበር። ራስ በነበረበት ቦታ ዓይንም አፍም የሌለው ድቡልቡል ናስ ነበር። ከእግሮቿም አንዱ እንኳ አልተረፈም። በሙቀቱ ዘይት የበዛበት ሰም በጭቃው ውስጥ አብጦ ቅርፁን አጥቷል፤ የቀረው ዝቃጭም መንገዱን ዘግቶታል።

አው ዩሱፍ ከጭቃው ቀዳዳ ጥቁር ሙጫ በወስፌ ጫሩና አሸተቱት።

«ኑግ» አሉ። «ደብተራ፣ ሞራ አልቆብን ነበር?»

«አላለቀም።»

«ታዲያ?»

ሁሉንም ነገርኋቸው። በሱቁ ውስጥ ካለችው አንዲት በርጩማ ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከሥራ አባርረውኝ ቢሆን ኖሮ አልፈርድባቸውም ነበር፤ ሽማግሌው ዳስሰው ያረሙት ብቸኛው ምስል ከሰሙ ጋር ጠፍቷል። እርሳቸው ግን፣ ያልጠበቅሁትን፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«በአንዲት ሱቅ ውስጥ ሁለት ጾመኛ! አንዱ ሰማይን ፈርቶ ሰም አይነክስም፤ ሌላውም ሰማይን ፈርቶ አይነክስም፤ ሰሙን ግን ማንም የሚፈራው የለም!» ሳቃቸው ሲቆም ድምፃቸው ተለወጠ። «እኔ ለጣት የምጨነቅ ሰው ነኝ። አንተ በሞራ መጨነቅህ ይገርመኛል ብለህ ነው የደበቅኸኝ? ብትነግረኝ ሌላ መንገድ እንፈልግ ነበር።»

በዚያው ሳምንት ጫልቱ በሰው ላከችብን። ኦቦ ገመዳ እህል መቅመስ ትተዋል፤ በየቀኑ «መጣች?» እያሉ ይጠይቃሉ አለች። ሌላ ምስል ይዞ ሄዶ ለማስዳሰስ ጊዜ አልነበረም። ከትዝታና ከደብተሬ መሥራት ግድ ሆነብን።

ሌላውን መንገድ ያገኙት አው ዩሱፍ ናቸው። የተቀላቀለውን ሰም እንደ ጧፍ አቅጥነው በውኃ አበረዱትና ከጆሯቸው አስጠግተው ቀስ ብለው አጎበጡት። ሞራው ያነሰው ቀጭ ብሎ ይሰበራል። የበዛበት ድምፅ ሳይሰጥ ይታጠፋል። ልኩ ግን እንደ አዲስ ጫማ ሲጥ፣ ሲጥ ይላል። ያን ድምፅ ደጋግመው ሲያሰሙኝ ዋሉ። «ጆሮ አይጾምም፤ ለሁለታችንም ይሆናል» አሉኝ።

አካሏን በሙሉ እኔ እንድሠራ ፈቀዱልኝ። ጅራቷንና ጀርባዋን፣ ቅርፊቱን፣ ሰጎን መሳዩን አንገት፣ ወደ ፊት ያዘነበለውን ጉትያ ከደብተሬ እያነበብሁ ሠራሁ። ዓይኖቿንም እኔ ጣልሁ፤ አው ዩሱፍ ከጎኔ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። እግሮቿን ግን ለራሳቸው አስቀሩ። ጀርባቸውን ወደ እኔ አዙረው ሠሩ፤ ጭቃውንም ራሳቸው ለበጡ። ናሱ ከወጣ በኋላ እግሮቿን ራሳቸው ሞረዱ፤ ከዚያም በአቡጀዲ ጠቅልለው ዳር ዳሩን በመርፌ ሰፉት። «ኦቦ ገመዳ እጅ ሳትገባ እንዳትፈታ» አሉኝ።

አዳሚ ቱሉ የደረስነው ረመዳን ወጥቶ ሑዳዴ ገና ሳያልቅ ነው። ኦቦ ገመዳ ከጎጇቸው ውስጥ ጋቢ ለብሰው ተኝተው ነበር። ጫልቱ ደግፋ አስቀመጠቻቸው። አው ዩሱፍ ስፌቱን ቆርጠው አውሬዋን ከጋቢው ሥር፣ በሽማግሌው ጭን ላይ አኖሯት፤ ስለዚህ ከእኛ ማንም አላያትም። ጋቢው ብቻ ሲንቀሳቀስ እናያለን። በጅራቷ በኩል ጀምሮ ወደ አንገቷ ወጣ።

«አንገቷ መጣ» አሉ። «ጉትያዋም መጣ።»

ከዚያ ወደ እግሮቿ ወረዱ። በዚህ ጊዜ ድምፅ አላሰሙም፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን በፍጥነት አለፉ። ከአራተኛው ላይ ጋቢው ቆመ። አው ዩሱፍን ተመለከትሁ፤ ዓይን ስንጥል እንደሚያደርጉት ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። እኔም ያዝሁ።

ኦቦ ገመዳ ሌላውን እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው አየር ዳሰሱ። የአው ዩሱፍን እጅ ሲያገኙ ወደ ከንፈራቸው ስበው ሳሙት።

«ጫልቱ፣ ሰዎቹን ጥሪያቸው» አሉ። «ዱሌቻን አስቀድሚ።»

ጎረቤቶች መጡ። ኦቦ ዱሌቻ በትራቸውን በር ላይ ትተው ገቡና ከፊታቸው ተንበረከኩ። ኦቦ ገመዳ ያን ጊዜ አውሬዋን ከጋቢው ሥር አውጥተው ወደ ላይ ከፍ አደረጓት። ከበሩ በሚገባው ብርሃን ቅርፊቱ አብለጨለጨ። ኦቦ ዱሌቻ ጉትያዋን በጣታቸው ነኩ፤ የፊት እግሯን ያዙ፤ ቆጠሩ።

«እንዴት ናት?» አሉ ኦቦ ገመዳ።

ኦቦ ዱሌቻ «ጉማሬ አይደለችም» አሉ። ከዚያም፣ «አባ ጫልቱ» ብለው ጨመሩ። በልጃቸው ስም ሲጠሯቸው የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ጫልቱ ወደ ውጭ ወጣች።

ኦቦ ገመዳ ከጥቂት ቀናት በኋላ ማረፋቸውን አዳማ ከተመለስን ወዲያ ሰማን።

አው ዩሱፍን ስለ እግሩ የጠየቅኋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የተለያየነው ጠላት በገባበት ዓመት ነበር፤ ወደ ሐረር ሲመለሱ ጣቢያው ድረስ ሸኘኋቸው። ይህችን የጃንጥላ ሽቦ የሰጡኝም ያን ዕለት ነው። «እግሩን ስንት ጣት አደረጉት?» አልኋቸው።

«ደብተራ፣ ያ እግር የሁለት ሰዎች ጉዳይ ነበር። አንተ ሦስተኛ ነህ» አሉኝና ባቡር ወጡ። ዳግመኛ አላየኋቸውም።

ከዚያ በኋላ በባቡር ጥገና ቤት የናስ መሣሪያ አፍሳሽ ሆኛለሁ፤ አለቃዬ ሰም ከጆሮዬ አስጠግቼ ሲያየኝ «ይሄ ሰውዬ ከሰም ጋር ያወራል» እያለ በሠራተኛው ፊት ያላግጥብኝ ነበር፤ ኋላ ግን የከበደ ሥራ ሲመጣ ዝም ብሎ ሰሙን አምጥቶ ይሰጠኛል። በመጨረሻም መምህር ሆንሁ። ለተማሪዎቼ ሁሉ ሚዛን ሰጥቻቸዋለሁ፤ ድምፁንም አሰምቻቸዋለሁ። በሥራዬ ዘመን አንድም የሚረባ ነገር ሠርቼ እንደ ሆነ፣ የመጣው ጥፋቴን ከሰሙ በኋላ ከሳቁት ሰው ነው። ይህን ያለ ጥርጥር እመሰክራለሁ።

የሚያጠራጥረኝ አንድ ነገር ቀርቷል። ጫልቱ ከአቦምሳ በላከችልኝ ደብዳቤ ላይ፣ አውሬዋ በጠላት ጊዜ ከቤት ዕቃ ጋር እንደ ጠፋችና በአራቱም እግሮቿ አምስት አምስት ጣት እንደ ነበራት ገልጻለች። ጽሑፉ የእርሷ አይደለም፤ ለጸሐፊ ነግራ ያስጻፈችው ነው፤ እርሷም የኦቦ ገመዳ ልጅ ናት። እኔ የማስታውሰውና በደብተሩም ያለው ይህ ነው፤ ኦቦ ገመዳ አውሬዋን ለጎረቤቶቻቸው ከፍ አድርገው ሲያሳዩ የያዟት በኋላ ግራ እግሯ ነበር፤ እግሩም በመዳፋቸው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖ ነበር። ለመያዝ የሚመቸው በዚያ በኩል ስለ ሆነ ይሁን፣ ወይም አው ዩሱፍ በዚያ እግር ላይ ላደረጉላቸው ነገር እርሳቸውም በፈንታቸው እግሩን ከሰው ዓይን ሰውረው ውለታ መመለሳቸው ይሁን፣ አላረጋገጥሁም።